ሐዘን የሸጠልኝ ሶፍትዌር

ታዴዬ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ሙት ዓመትህ እየደረሰ ነው፤ እኔም ከጥቁር ልብስ አልወጣሁም።

ቤቱ እንዳለ ነው ብልህ እዋሻለሁ። አልጋው ላይ ያንተን በኩል ትቼ ነው የምተኛው። የሰፈራችን የአቦከር ውሃ እንደ ልማዱ ሲመጣ ሲጠፋ ይኖራል፤ በርሜሉን የሚሞላልኝ ጎረቤታችን ሆኗል። ተማሪዎችህ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ይደፋሉ።

ለሐረር ፈረስ መጋላ ባለሱቆች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ልሸጥ ከመውጣቴ በፊት እንዴት እለማመድብህ እንደነበር ትዝ ይልሃል? ፊትህን አኮሳትረህ ትሰማኝና አልገዛም ትላለህ። ለምን ስልህ፣ የሒሳብ አስተማሪ አይደለህ፣ ጉድለቴን አንድ በአንድ ትዘረዝርልኛለህ። ስንቴ አብሽቀኸኛል! ሌላው ሰው ኢንሻአላህ ብሎ፣ ሻይ ጋብዞ ነው የሚሸኘኝ። ፊት ለፊት እምቢ የሚለኝ አንተ ብቻ ነበርክ።

ከአርባህ በኋላ ሥራ ስመለስ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ስንት ዓመት ኢንሻአላህ ሲሉኝ የኖሩት ተራ በተራ ፈረሙ። እኔም የዋህ፣ ሐዘን አጠንክሮኛል፣ አንደበቴ ተፈቷል ብዬ ነበር። ወሬው አዲስ አበባ ደርሶ አንድ የቬንቸር ካፒታል ድርጅት ጠራኝ። ሥራቸው ገና የሚጀምሩ ድርጅቶችን መርጦ ገንዘብ ማስገባት፣ በትርፉም በኪሳራውም አብሮ መሆን ነው። ገበያ ታውቂያለሽ፣ መጥተሽ ምረጪልን አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነግርህ ወደ ቤት ስጣደፍ፣ መንገድ ላይ ነው እንደሌለህ ትዝ ያለኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጊደር መጋላ ገበያ ወረድኩ፤ ቅመም ነጋዴውን ሐጂ ዩሱፍን ሶፍትዌሩ እንዴት እንደሆነላቸው ልጠይቅ ብዬ። ሶፍትዌሩን የያዘው ኮምፒውተር እንደታሸገ ጥግ ተቀምጧል፤ የበርበሬ ጆንያ ተጭኖበታል። ታዲያ ለምን ገዙት አልኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም።

«ልጄ፣ ባልሽን ቀብረሽ መጥተሽ እንዴት እምቢ እልሻለሁ? አላህም አይወደው።»

ሌሎቹም ሱቆች ጋ ሄድኩ፤ ያው ነው። ለካ ሲፈርሙልኝ የከረሙት ለቅሶ ሲደርሱኝ ኖሯል። ምን ብዬ ልውቀሳቸው? ገበያው መሐል ቆሜ አለቀስኩ።

ለአዲስ አበባዎቹ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። ከቀናት በኋላ ደውለው፣ ያሰቡልኝን ቦታ እንደማይሰጡኝ፣ ከፈለግሁ ግን ከታች መጀመር እንደምችል ነገሩኝ።

ብዙ አመነታሁ። እዚህ ብቀር የመምህር ታደሰ ሚስት ነኝ፤ ያቀረብኩት ሁሉ ይገዛል፣ ሥራ መቻሌን ግን መቼም አላውቅም። እዚያ ሰው ደክሞ ያመጣውን ሐሳብ አይቼ አይሆንም ማለት ሊኖርብኝ ነው፤ እኔንም አይሆንም ይሉኛል። ይኼኛው የሚሻለኝ መሰለኝ። ሙት ዓመትህ እንዳለፈ እሄዳለሁ።

የሚያስፈራኝ ሥራው አይደለም። ሐረር ላይ እኔን ያየ ሁሉ አንተን ያስታውሳል፤ ነፍስ ይማር ሳይለኝ አያልፍም። አዲስ አበባ አንተ በዚህ ምድር እንደኖርክ የሚያውቅ ሰው የለም። ስምህን የማነሳ እኔ ብቻ ልሆን ነው። አነሳዋለሁ፣ ታዴዬ። የሚጠይቀኝ ባይኖርም አነሳዋለሁ።

ያንተዋ ሰናይት