ባዶዋን የመጣችው ጀልባ

ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው፣ ደረጃ ያስወጣሻል? ልጆቹም ጎረቤቶቹም ደኅና ናቸው ወይ? እኔና ኪያ ደኅና ነን። ናይሮቢ ብርዱ ገብቷል፤ እኛ ሰፈር ካሳራኒ ውኃ የሚመጣው ሲያሰኘው ነው። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፄን ስላላመንኩት ነው። የምሠራበት ሬስቶራንት ባለቤት አቶ ሕዝቅያስ ወደ አገር ቤት ስለሚመጡ በእጃቸው ያደርሱልሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ሰሞኑን የማነበው የልጆች መጽሐፍ ብቻ ነው ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ነገሩ የወንድማችን የመልአኩ ትእዛዝ ነበር። ልጁ ኪያ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ እንጂ አማርኛ እምብዛም ስለማትችል፣ ከአያቷ ጋር በአስተርጓሚ እንዳታወራ ይሰጋ ነበር። ስለዚህ ኪያ ከትምህርት ቤት ተውሳ የምታመጣውን መጽሐፍ እኔ ወደ ኪሊማኒ ሥራ ስሄድ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አነበዋለሁ፤ ራት ላይ ደግሞ በአማርኛ እተርክላታለሁ። የቲካ መንገድ ሲዘጋ አንድ ምዕራፍ ያስጨርሳል።

መልአኩ የሞያሌ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ከቀበርነው ወዲህም አላቋረጥንም። በቀብሩ ሳምንት ኪያ ከክፍሏ ልጆች ጋር ሞምባሳ ለጉብኝት ሄዳ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። እናቷን በሕፃንነቷ ያጣች ልጅ ናት፤ አባትሽም ሞተ ብሎ መንገር አቃተን። እማዬ ደግሞ ዓይኗን ገና ቀዶ ሕክምና መደረጓ ነበር፤ ሐኪሙ እንባ እንዳይነካው ብሏል አልሽኝ። ዓይኗ እስኪሽር አልን። ቀጥሎ የኪያ ፈተና እስኪያልፍ፣ ቀጥሎ ፋሲካ እስኪወጣ። መርዶ ቀን ይጠበቅለታል፤ እኛ ግን ቀኑን እየገፋን ቤት ሠራንበት። ለኪያም ለእማዬም ጁባ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፣ ኔትወርክ አልፎ አልፎ ነው አልናቸው። ለቅሶ የተቀመጥኩት ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ ሰው ቤት ነው። ጥቁሬን እስከ ሰሞኑ ድረስ ሬስቶራንቱ ጓዳ እለብሰው ነበር፤ ወደ ቤት ስመለስ አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ አበባ ያለውን ሻርፕ ጣል አድርጌ እገባ ነበር።

የልጆች መጽሐፍ ውስጥ ይህን ያህል እንደሚሞት አላውቅም ነበር። በአንዱ አንድ ያረጀ ውሻ ይሞታል፤ ገጠር ያለ ዘመድ ወሰደው አልኩ። በሌላው፣ ከፍ ላሉ ልጆች በተጻፈው፣ የወንድሟን ጫማ አድርጋ ለውድድር የምትሮጥ ልጅ አለች፤ ጫማው ለምን ለእሷ እንደቀረ መጽሐፉ ግማሹ ላይ ይነግርሻል። እኔ ወንድሟን ወታደር ቤት አስገባሁት። ኪያ እያኘከች ትሰማኛለች። አንድ ቀን፣ "አክስቴ፣ በአንቺ መጽሐፍ እኮ ሰው ጉንፋን እንኳ አይዘውም" ብላ ቀለደችብኝ። ሳቅሁ። መጠርጠር ነበረብኝ።

የመጨረሻው ስስ መጽሐፍ ነው፤ ሥዕል ይበዛዋል። ቱርካና ሐይቅ ዳር የምትኖር የአንዲት ልጅ አባት ዓሣ ሊያጠምድ ይወጣል። ልጅቷ በየማለዳው ዳር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። አንድ ጠዋት ጀልባዋ ብቻዋን፣ ነፋስ እየገፋት፣ ባዶዋን ትመጣለች። ማታቱ ውስጥ መጽሐፉን ከደንኩት፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣን ተረኩላት። ነፋሱ አባትየውን አንዲት ደሴት ላይ ጣለው፣ የደሴቱ ሰዎች ዓሣ እየጠበሱ ያበሉታል፣ ሐይቁ ሲረጋ ይመለሳል አልኩ። ኪያ እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ቆመች።

"አክስቴ፣ ጀልባዋ ባዶዋን ነው የመጣችው። ባለፈው ተርም አንብቤዋለሁ። ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ።"

ከዚያ "ፖሌ" አለችኝ። እዚህ አገር ለቅሶ የመጣ ሰው የሚላት ቃል ናት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ለቅሶ ደረሰችኝ።

ለካስ ከሞምባሳ በተመለሰች ሳምንት ነው ያወቀችው። የክፍሏ ልጅ የአቢግያ እናት ለለቅሶው ወጥ ስትሠራ የሰነበተች ናት፤ አቢግያ ትምህርት ቤት አቅፋት አልቅሳለች። ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ሐኪሙ ያለውን ከአንቺ ጋር በስልክ ሳወራ ሰምታኛለች። "እኔ ከተናገርኩ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ አያቴ በስልክ ታውቅብሻለች" አለችኝ። እሁድ እሁድ እማዬ "አባትሽ ደወለ ወይ?" ስትላት፣ "አዎ፣ ሰላም ብሎሻል" ትላት የነበረው እኛን አምና መስሎን ነበር። አላመነችንም። ለእማዬ ስትል ነው። አማርኛ ያስተማርኳት ለዚህ ኖሯል።

በነጋታው እማዬ ደወለች። እኔ አልቻልኩም፤ ኪያ አንስታ ስፒከር ላይ አደረገችው። እማዬ እንደ ወትሮዋ በዚህ ሳምንትስ ምን አነበባችሁ አለቻት። ኪያ የጀልባዋን ታሪክ በእኔ አጨራረስ ነገረቻት፤ ደሴቱን፣ ዓሣውን፣ ሐይቁ ሲረጋ መመለሱን። እማዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት።

"ደግ አደረግሽ የኔ እናት። ለአክስትሽም እንዲሁ እያልሽ ንገሪያት፤ እሷ ሆደ ቡቡ ናት።"

መርቃት ዘጋች። መልአኩ ደወለ ወይ አላለችም። አሁን ሳስበው ከፋሲካ ወዲህ አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

እታለም፣ ዓይኗ ሽሯል። የንስሐ አባቷንና ዘመዶቻችንን ይዘሽ ማልዳችሁ ሂዱ። ቀኑን ብቻ አስታውቂኝ፤ እኔና ኪያም በዚያው ጠዋት እዚህ በራችንን ከፍተን እንቀመጣለን። ጥቁር ቀሚስ ገዝቼላታለሁ፤ ራሷ ናት የጠየቀችኝ። እናንተም ገና ሳታንኳኩ እማዬን በሯን ከፍታ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣ ብታገኟት አትደንግጡ።

እመብርሃን ጉልበትሽን ታበርታልሽ፤ ያን ጠዋት ለሁላችንም የምንችልበትን ልብ ትስጠን።

ታናሽ እህትሽ፣
ከናይሮቢ