የእህታቸውን ጤና እንደራሳቸው ቆጥረው የኖሩት እሜቴ ነጥብ

በማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እሜቴ ነጥብ» እየተባሉ ይጠሩ የነበሩት እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። መንታ እህታቸው ወዲያው ተከተሏቸው። መልካቸው ፍጹም አንድ ስለነበር አንድ ጊዜ እናታቸው ለአንዷ የታዘዘውን ሽሮፕ ለሌላዋ አጠጡ፤ ሁለቱም ደህና ሆነው ስለተነሡ የአንዷ መድኃኒት ለሁለቱም ይበቃል የሚል ቀልድ በቤቱ ቀረ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በ1976 ዓ.ም. በአራሚነት ተቀጠሩ። ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ ፊደል በፊደል ያነቡ ነበር። በአንድ ሰርግ ከአዳራሹ በር ላይ የሙሽራውን አባት አስቁመው፣ ከጥሪ ወረቀቱ የጎደለውን አራት ነጥብ አሳይተዋል። ከማሽኑ የወጣውን የመጀመሪያ ቅጂ አይተው ከፈረሙ ግን የቀረውን አይነኩም፤ ሁሉም የሚታተመው ከአንድ ፕሌት ነውና። በ1981 ዓ.ም. ከማሽን ሠራተኛው ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

እናታቸው በጡት ካንሰር ካረፉ በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም. ሁለቱ እህትማማቾች ለምርመራ ደም ሰጡ። ከእናታቸው የወረሱት የዘረመል ጉድለት በሁለቱም ላይ ተገኘ፤ ሐኪሟም በየዓመቱ እየመጡ እንዲታዩ አዘዙ። ልብስ ሰፊዋ ታናሽ ቀጠሮ አልሳቱም። እሜቴ ነጥብ ግን ሥራ በዝቶባቸው ቀሩ። እህታቸው ከበሽታው ነጻ መሆናቸውን ሲነግሯቸው፣ «አንቺን ካዩ እኔንም አይተውኛል በያ» አሉና ሳቁ። ታናሽም ሳቁ። በየዓመቱም እንዲሁ ሆነ።

በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት አጋማሽ ላይ ብብታቸው ሥር እብጠት ወጣ። ሲመረመሩ በሽታው ጉበታቸው ላይ ደርሶ ነበር። ታናሽ አላመኑም፤ ውጤት ተቀያይሯል ብለው ተከራከሩ፤ የራሳቸውን የጡት ራጅ ፊልም ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። ሐኪሟ ሁለቱን ፊልሞች መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቀሉ። መንቶቹ የወረሱት ዘረመል አንድ ቢሆንም፣ ሰውነት የዘረመሉን ጽሑፍ ሳይለውጥ አንዱን ክፍል እንደሚዘጋ፣ ሌላውን እንደሚከፍት፣ ይህም በዕድሜ፣ በኑሮ፣ አንዳንዴም ማንም በማያውቀው ምክንያት ከመንታ መንታ እንደሚለያይ አስረዱ። ከታላቅ እህት ዕጢ በተወሰደው ናሙና ውስጥ ካንሰርን ይከላከል የነበረው፣ ከአባታቸው የወረሱት ደህናው የዘረመል ቅጂ ተዘግቶ ተገኝቷል።

«ታዲያ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ያየሁላት ምኑን ነው?» አሉ ታናሽ።

«የራስዎን ብቻ» አሉ ሐኪሟ።

እሜቴ ነጥብ ከማረፋቸው በፊት ልጆቻቸውንና የእህታቸውን ልጅ አልጋቸው አጠገብ አስጠርተው፣ «አንዷ ለሌላዋ እንዳትታይ፤ እያንዳንዳችሁ በየራሳችሁ ግቡ» አሏቸው። ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ። ሁሉም ነገር የሆነው ወር ሳይሞላ ነው፤ ድንጋጤው ዛሬም አልለቀቀንም። ልጆቻቸው አክስታቸው በበሩ ሲገቡ እናታቸው የመጡ እየመሰላቸው ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ አክስትየዋም እንዲህ ሲነሡ እያዩ ወደ ቤቱ መግባት ፈርተዋል።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና መንታ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ሦስቱ ልጆች በሚመጣው ሳምንት በየስማቸው ቀጠሮ ይዘዋል።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በመልካም ስፍራ ያኑርልን፤ ለእህታቸውም ያን ፊት በመስታወት የሚያዩበትን ብርታት ይስጥልን።