በመስታወት ሣጥን ስለተቆለፈው መነጽሬ

ለተከበሩ የዕይታ ምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንዴት ሰነበቱ? በተለይ ዓይንዎ ደኅና ነው? የእኔን ከጠየቁ፣ ይህን ደብዳቤ እየነገርኳት የምትጽፈው ልጄ ናት።

ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ሠላሳ ዓመት ኮሌታ የሰፋሁት፣ የዓይኔ የፊት ሽፋን ተጣሞ የመርፌ ቀዳዳ የጠፋብኝ ሴትዮ ነኝ። ተመራማሪዎችዎ፣ ዕድሜ ይስጣቸውና፣ ብርሃን ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ የት የት እንደሚዛባ በመሣሪያ ለክተው፣ ለእኔ ብቻ የሚሆን መነጽር ሠሩልኝ። በጎኑ ያለችውን ትንሽ መዘውር ሳዞር ቅርቡም ሩቁም ይጠራልኝ ነበር። አራት ዓመት ሰው ሲያስገባልኝ ኖሮ፣ በገዛ እጄ ክር ያስገባሁ ቀን አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ስለዋሉልኝ ውለታ ላመስግንዎ፦

፩. ለመነጽሩ ምረቃ እንግዶች ስለሚመጡ መነጽሬ ለአንድ ቀን ብቻ ተብሎ ተወሰደ። ያ ቀን ይኸው ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል፤ የእርስዎ ቀን መቼም በረከት አለው።

፪. እንግዶች እንዳይነካኩት ብለው መዘውሩን በማስቲሽ አስጣበቁት። የሚስተካከል መነጽር እንዳይስተካከል አድርጎ ማስመረቅ ከእርስዎ በቀር ለማን ይታየው ነበር? አሁን አጥርቶ የሚያሳየው ከመድረኩ እስከ ካሜራው ያለውን ርቀት ብቻ ነው አሉኝ። እኔ ደግሞ ካሜራ ላይ ቁልፍ አልተክልም።

፫. መነጽሬን በመግቢያው አዳራሽ በመስታወት ሣጥን ቆልፈው፣ መንካት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ አቆሙበት። አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ አየሁት። ጸሐፊዎም ስብሰባ ላይ መሆንዎን ለአምስተኛ ጊዜ በትሕትና ነገረችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ቀልዱ ይብቃኝ። የስፌት ቤቱ አለቃ የታገሠኝ እስከ ዓርብ ነው። ልጄ ከትምህርቷ እየቀረች ክር ታስገባልኛለች። ትናንት ጣቴን ከሸሚዙ ጋር ሰፋሁት፤ ነጩ ኮሌታ በደም ተበላሸ። ዓርብ የስፌት መኪናዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ፈርቻለሁ፤ እንጀራዬ ነው። መነጽሬን ይመልሱልኝ።

ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ የቆምኩበትንም ወለል በቅጡ ሳላይ፣

አክባሪዎ
ኮሌታ ሰፊዋ

የተረሳ፦ በምረቃው ዕለት መነጽሬን አጥልቀው፣ ዓለም ጥርት ብሎ ታየኝ ማለትዎን በቴሌቪዥን ሰማሁ። ተመራማሪዎችዎ እንዳስረዱኝ ግን ያ መነጽር ጤነኛ ዓይን ላይ ሲደረግ ሁሉን ያደበዝዛል። እንግዲህ የእርስዎም ዓይን እንደ እኔው ታሞ ከሆነ እግዜር ይማርዎ። ጤነኛ ከሆነ ግን፣ ወይ መነጽሬን ይስጡኝ፣ ወይ እነዚያኑ እንግዶች ጠርተው መነጽሬን ያጥልቁና ይህን ደብዳቤ ጮክ ብለው ያንብቡላቸው።