ሦስቱ ሽማግሌዎች ሱቄ የገቡ ዕለት

ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ ሀቢሶ፣

የጌታ ሰላም ለአንተና ለቤትህ ሁሉ ይብዛ። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህን ተሻለህ? ሆሳዕና ዝናቡ ገባ? ባለቤትህ ማስተዋልስ ከነልጆቿ እንዴት ናት? እኔ ዛሬ ደህና ነኝ። ዛሬ ያልኩህ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከአምስት ሳምንት በፊት ልቤን ታምሜ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። አትደንግጥ፣ ድኛለሁ። ስልክ ላይ ብጀምርልህ እንደ ልማድህ ኔትወርኩ ይቆራረጥብሃል፤ ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ፊቤ ለእረፍት ወደ አገር ስትመጣ ይህን በእጇ ላክሁልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት ዳቦ እየደረደርኩ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያናችን ሦስት ሽማግሌዎች ሱቄ ገቡ። ኮት ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል፣ የሚገዙት ነገር የለም። ከፊት የነበሩት ጋሽ ፋንታሁን፣ “ልጄ፣ እስቲ በሩን ዘጋ አድርጊና ቁጭ በይ” አሉኝ። ጋሼ፣ የዛሬ ሦስት ዓመት የአባባን መርዶ ሊነግሩኝ የመጡት እኒሁ ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜም በዚሁ ኮት መጥተው ይችኑ ቃል ነው የተናገሩት። “እማዬን!” ብዬ ጮኽኩ። ደረቴን ጨምድዶ ያዘኝና ከነዳቦው ወለሉ ላይ ወደቅሁ። በየጠዋቱ ዳቦ የሚገዙኝ ጎጎ ኖምሳ (ጎጎ በዙሉ አያት ማለት ነው) ታክሲ አስቁመው ሆስፒታል አደረሱኝ።

ለካ ሽማግሌዎቹን የላካቸው ቲቶ ነው! እዚሁ አጠገባችን ካትሌሆንግ ሰፈር ሱቅ ያለው የዱራሜው ልጅ፣ ፎቶውን ስልክልህ “ይሄ ቁመታም ደግሞ ማነው?” ያልከኝ። ለጋብቻ ሊጠይቁኝ ለባብሰው ቢመጡ እኔ መርዶ ነጋሪ አደረግኋቸው። ጋሽ ፋንታሁን አልጋዬ አጠገብ ቆመው፣ “ልጄ፣ አልፈልገውም ማለት ይበቃ ነበር እኮ” ሲሉኝ ደረቴ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎብኝ ሳቅ አፈነኝ።

ዶክተሯ መርምራኝ የልቤ ደም ስሮች ንጹህ ናቸው አለች። ከባድ ድንጋጤ የልብን ጡንቻ ለጊዜው ሊያደክመው እንደሚችል፣ አብዛኛው ሰውም በጥቂት ሳምንት እንደሚያገግም አስረዳችኝ። የደም ግፊቴን ስታይ ግን ይሄኛው የአንድ ቀን ነገር አልመሰላትም። እኔ ስለ ጨው ትጠይቀኛለች ስል እሷ ስለ እንቅልፌና ስለሚያስጨንቀኝ ነገር ጠየቀችኝ። እኔም አባባ ሲያርፍ ሰባት ወር እንደደበቃችሁኝ ነገርኳት። “እርሻ ወርዷል”፣ “ተኝቷል” እያላችሁኝ ለሞተ ሰው ሹራብ ገዝቼ ልኬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ ቁጥር በተደወለ ቁጥር እጄ ስልኩን ሳይነካ ልቤ ይመታል።

ለምን እንዳደረጋችሁት አውቃለሁ፤ ሰው አገር ብቻዋን ምን ትሆንብናለች ብላችሁ ነው። ተቀይሜ ነበር፣ አሁን ለቆኛል። ብቻዬን ግን አይደለሁም። ጠዋት ጠዋት ከጎጎ ጋር እስከ ትምህርት ቤቱ በእግር እንሄዳለን፣ ክኒኔን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ የሆዴን ለቲቶ እነግረዋለሁ። ግፊቴም ወርዷል። ባለፈው ቀጠሮዬ ዶክተሯ ልቤ እንደ ድሮው ሆኗል ብላኛለች።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ከፋሲካ ወዲህ የእማዬን ድምፅ አልሰማሁም። አቅርብልኝ ስልህ “ጸሎት ሄዳለች”፣ “ተኝታለች” ትለኛለህ። ስለ አባባም እንዲሁ ነበር የምትለኝ። ደግሞም ባለፈው “ደረቴን ይከብደኛል” ብለኸኛል። ብቻህን ተሸክመኸው የምትዞር ነገር ካለ አንተንም እየጎዳህ ነው። ጤና ጣቢያ ሂድና ግፊትህን ተለካ፤ የያዝከውንም ንገረኝ። እኔ እችለዋለሁ፣ ጋሼ።

ቲቶን እሺ ብዬዋለሁ፤ የቀረው የቤተሰብ ምርቃት ነው። ጋሽ ፋንታሁንንም ከእንግዲህ ለሰርግ ጉዳይ ሲመጡ ከደጅ ጀምረው እልል እንዲሉ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

ለማስተዋል ብዙ ሰላምታ አቅርብልኝ፤ ፊቤ ከያዘችው ዕቃ ሻሉ የእሷ ነው። ሊናን ጉንጯን ሳምልኝ፣ የላክሁላት ጫማ ልክ ካልሆነ ትንገረኝ። ትንሹንም ጥርሱ በቀለ ወይ በልልኝ። ፊቤ ማክሰኞ ትደርሳለች። ረቡዕ ጠዋት ሱቁን ዘግቼ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ ቲቶና ጎጎ አጠገቤ ይሆናሉ። እማዬ ካለች፣ ታማም ቢሆን፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግላትና እንደ ድሮው “ኤርጎ” ብላ ትጥራኝ። ከሌለችም ሽማግሌ አትፈልግ፤ አንተው ደውልና በራስህ ድምፅ ንገረኝ።

እህትህ ኤርጎጌ
ቮስሎሩስ፣ ጆሃንስበርግ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.