የአባባ እንቅልፍ በእኔ ስም

ለምወድሽ እህቴ ለአናርኩል፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ትንሹ ልጅሽ ኤርመክ ጥርስ አበቀለ ወይ? ባልሽስ ወገቡን አሁንም ያመዋል? የሞስኮ ብርድ እንዴት አድርጓችሁ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ስለ ራሴ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም ቀደድኩት። እንግዲህ እንደ መጣልኝ ልጻፈው፣ አንቺም አንብበሽ ሳትጨርሺ እንዳትቆጪኝ።

በጥር እንቅልፍ ጥሎኝ ሚኒባሱን ከነተሳፋሪው የበረዶ ክምር ውስጥ መክተቴን ታውቂያለሽ። ሐኪሟ ስተኛ ትንፋሼ በሰዓት አርባ ጊዜ እንደሚቋረጥ ነገረችኝ። የመናኸሪያው አለቃም የእሷን ወረቀት ሳላመጣ መሪ እንዳልነካ ከለከለኝ። አንቺ ያን ስተኛ በጭምብል አየር የሚነፋልኝን መሣሪያ ከደሞዝሽ ገዝተሽ ላክሽልኝ። ስለ አደጋው ለአባባ እንዳንነግራቸው ተማክረን ስለነበር፣ ሳጥኑ ሲከፈት "አናርኩል የላከችው ነው፣ እንቅልፍ ያሳምራል" አልናቸው። ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል።

የሚሉትን መቼም ታውቂዋለሽ። "እኔ ቁጭ ብዬ ልጁ ሊቀምስ ነው?" አሉ። እዚህ ቤት የመጀመሪያው ጉርሻም፣ የመጀመሪያው የፈረስ ወተትም የሳቸው ነው፤ ጭምብሉንም አጠለቁት። ጠዋት ፊታቸው ፈክቶ ተነሱና "ለካ እስከ ዛሬ ተኝቼ አላውቅም" አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይቀማቸዋል? ባለቤቴ ካሊፓ "በሽተኛው አንተ፣ የሚታከሙት እሳቸው፤ ሄደህ ንገራቸው እንጂ" እያለች ትነዘንዘኛለች፣ እኔ "ነውር ነው" እላለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ነውሩ ሰበብ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞክሬው ነበር። አየር ላስወጣ ስል እሱ መልሶ ይነፋብኛል፣ ጎማው ይሸተኛል፣ በጎን የሚያፈተልከው ነፋስ ዓይኔን ያደርቀዋል። በቁሜ የተቀበርኩ መሰለኝ። አባባ ስለወደዱት ተገላገልኩ።

መሣሪያው ሰዓቱን እንጂ ማን እንደተኛበት አይመዘግብም። ወሩ ሲሞላ ሐኪሟ አየችውና "ጎበዝ ነዎት፣ እንዲህ ቶሎ የለመደ ሰው አላጋጠመኝም" ብላ ፈረመችልኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ወረቀቱን ተቀበልኩ።

ባለፈው ማክሰኞ አሥራ አራት ሰው ጭኜ የዶሎንን ተራራ ቁልቁለት ስወርድ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። "ወንድሜ፣ ተኝተሃል እንዴ?" አለችኝ። "የምን መተኛት፣ መንገዱን እያየሁ ነው" አልኳት። ሕፃን ታቅፋ ነበር። ምን ያህል መንገድ ሳላይ እንደነዳሁ እስካሁን አላውቅም።

እቤት እንደገባሁ ለአባባ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። "ስጦታ መስሎኝ እንጂ መድኃኒትህ መሆኑን ማን ነገረኝ? እኔን አከበርኩ ብለህ የሰው ልጅ ልትፈጅ?" አሉ። መሣሪያውን በገዛ እጃቸው አምጥተው ፍራሼ አጠገብ አኖሩት። ከዚያ ወዲህ ስታገለው ነው የማድረው። መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ ቻልኩት፣ ትናንት ሦስት ሰዓት። ሳላውቀው አውልቄ እወረውረዋለሁ፣ ካሊፓ መልሳ ታጠልቅልኛለች። "ዝሆን መስለሃል፣ ግን ዝሆኑ አያንኮራፋም" ትላለች። አባባ ደግሞ እንደ ድሮው እየተገላበጡ ያድራሉ፤ እሱ ያንገበግበኛል። ሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ይዣቸው እሄዳለሁ፣ የእኔንም ውሸት እነግራታለሁ። ቀኑን ሙሉ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ሚኒባሱን ዞሬ አይቼ እመለሳለሁ። አንድ ቦታ መርጋት አቅቶኛል።

ወረቀቱን ለመናኸሪያው አለቃ አስረክቤ መንዳት አቁሜያለሁ። ለሚያዝያው ጉዞሽ "ቢሽኬክ ድረስ መጥቶ ወንድሜ ካልወሰደኝ ከማንም ጋር አልሳፈርም" ብለሽ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ቶክቶሱን መኪናውን ይዞ ይጠብቅሻል።

አባባ "ልጄ አንድ ወር አስተኝታኛለች፣ እድሜዋን ያርዝመው" ብለው መርቀውሻል። ካሊፓን ናፍቀሻታል፤ ለኤርመክ የሹራብ ኮፍያ ሠርታለታለች። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ ልጁንም ሳሚልኝ። እህቴ፣ በመንገድ ላይ ብታገኚኝና ነይ ግቢ ብልሽ እንኳ፣ ልጅሽን ይዘሽ እኔ በምነዳው መኪና እንዳትገቢ።

ወንድምሽ ኤሰንጌልዲ
ናሪን፣ መጋቢት 12 ቀን