አንገትሽ ላይ ያጣሁት ማተብ

ልጄ ፌቨን፣ ከደራሽ ውሃም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን፤ ላሚቱ ወልዳለች፣ ወንዙም ሞልቷል።

ወንድምሽ ዮሴፍ የላክሽውን ፎቶ አሳየኝ። የሰጠመ ሰው ጎትተሽ ስታወጪ አይቼ ደነገጥኩ። «አሻንጉሊት ነው፤ የነፍስ ማዳን ውድድር አሸንፋ ነው» አለኝ። አሻንጉሊት ላዳነ ዋንጫ ይሰጣል? ይሁን። አባትሽን ደራሽ ሲወስደው ዳር ቆሜ ከመጮህ በቀር ምንም ስላልቻልኩ፣ ዋና መማርሽን አልጠላሁም።

ግን አንገትሽ ላይ ማተብሽን አጣሁት። ዮሴፍ «ለውድድሩ ክር አይፈቀድም» ይላል፤ እሱ መቼም ለአንቺ መሸፈን ልማዱ ነው። ክር ማንን አስጥሞ ያውቃል? የፈታሽው ለውድድር ነው ወይስ ማተብ ለማያስር ሰው ብለሽ?

አዲስ ክር ፈትዬ አስቀምጫለሁ፤ ካንቺ ዘንድ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካለ ንገሪኝ፣ እልክልሻለሁ። ከገባሽበት ሁሉ በሰላም ያውጣሽ። ዳር ቆሞ መጮህ አንድ ጊዜ ይበቃኛል።

እናትሽ እልፍነሽ፣ ከመርሳ