ቦታውን ውሻዋ ትምረጥ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12

ይድረስ ለግትሯ ልጄ (ግትርነቱን ከማን እንደወረስሽው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል)፤

እንዴት ነሽ? እኔም እናትሽም ደህና ነን። ጉልበቴን ብቻ አሞኛል፤ ምክንያቱን ስትሰሚ እንደምትስቂብኝ አውቃለሁ።

ሰኞ ዕለት እኚያ የሒሳብ አስተማሪሽ ውሻቸውን አቅፈው ስቱዲዮ መጡ። ጡረታ ወጥተዋል፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ውሻዋ አርጅታለች፤ ሐኪሙ "ከሳምንት አታልፍም" ብሏቸዋል። "አንድ ፎቶ ብቻ፤ ግን እሷን ይምሰል" አሉኝ። እኔም እንደ ልማዴ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ፊት፣ ሙሽራ የምናስቀምጥበት ወንበር ላይ አወጣኋት። መብራቱን ሳበራው ተንቀጠቀጠች። ይባስ ብዬ "ቀና በይ፣ አትተንፍሺ!" አልኳት፤ ለውሻ! አስተማሪሽ ፎቶውን አይተው "ይቺ የኔ አይደለችም" አሉና እንባቸው መጣ።

ያን ጊዜ ትዝ አልሽኝ። የጎረቤቱን ውሻ ፎቶ ስታነሺ "አባዬ፣ ቦታውን እሱ ይምረጥ፤ አንተ ብርሃኑን ጠብቅ" ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ ደንበኛ ፊት "ለውሻ ፎቶ ነው ያስተማርኩሽ?" ብዬ አሳቅኩብሽ። በዚያው ሳምንት ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ።

በማግስቱ ካሜራዬን አንግቤ ቤታቸው ሄድኩ። እኔ አበባ ያለበትን በረንዳ ወድጄ ነበር። ውሻዋ ግን ጥላኝ ሄዳ ጨለማው ደረጃ ሦስተኛው እርከን ላይ ተኛች። "ከሥራ ስመለስ እዚያ ሆና ነበር የምትጠብቀኝ" አሉ። ደረጃው ላይ የነበሩትን ባልዲና መጥረጊያ አነሳሁ፤ የውጭውን በር ከፈትኩና ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አራት ሰዓት ገደማ ፀሐይዋ እርከኑ ላይ ደረሰች። እሳቸውን ውጭ ሆነው ቁልፋቸውን እንዲያንቃጭሉ ለመንኳቸውና በዚህ ዕድሜዬ መሬት ላይ በሆዴ ተኛሁ። ቁልፉን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ፤ ፊቷ በራ። አነሳኋት። እኔን ለማንሳት ግን ሁለት ጎረቤት ተጠራ።

ፎቶውን ሲያዩ "እሷ ናት" አሉ፤ ቀጥለውም "ይሄን ከማን ተማርከው?" አሉኝ። "ከልጄ" አልኩ። ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ብታዪ! ኮርቼብሻለሁ፣ ልጄ። አርባ ዓመት ሰዉን ሁሉ አንድ ፏፏቴ ፊት ገትሬ ስኖር፣ አንቺ ገና በልጅነትሽ የገባሽ ነገር ለእኔ አሁን ገባኝ። ያን ቀን ያሳቅኩብሽ ስላልገባኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ።

እጅሽ አይዛል፤ የቆምሽበት ሁሉ ብርሃን አይጣ።

አባትሽ

ፎቶውን ሳስረክብ እንደ ወትሮው ጀርባው ላይ የስቱዲዮውን ማኅተም ላደርግ አነሳሁ። ማኅተሙን መልሼ አስቀመጥኩና ፎቶው ጀርባ ላይ ያንቺን ስም በእጄ ጻፍኩበት።